ለተሥላሴ ሰሊጥ ያኖረችባት መንደር

መምህር ያረጋል ኮከብ የሚያየው በቀን ነበር። እንዳትስቁ፤ መተማ ዮሐንስ ሙሉ ከእናንተ በፊት ስቆ ጨርሷል። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ የጣራው ቆርቆሮ ሲንጣጣ፣ ወፍ እንኳ ጥላ ፈልጋ ስትሸሸግ፣ ሰው ሁሉ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር የገመድ አልጋውን ዘርግቶ በሚያንቀላፋበት ሰዓት እሱ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ይስባል። ከሰዓት ጠጋኝ ያገኛትን ማጉያ አንድ ዓይኑ ላይ ይሰካና ወረቀት ላይ ይደፋል። ላቡ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብበት ግንባሩን በፎጣ ይጠመጥማል። «ምነው በዚህ ሰዓት?» ሲሉት «ብርሃኑ የሚበቃኝ አሁን ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ግን ለማን ይገባል?

ወረቀቶቹ የሰማይ ፎቶግራፎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ያስተማረው አንድ ፈረንጅ ዘመኑ ተገልብጦ ከአገር ሲወጣ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ሙሉ ትቶለት ሄደ። «የጀመርነውን ጨርሰው» አለው፤ በቃ። ከዚያ ወዲያ የሰውየው ወሬ አልተሰማም። ያረጋልም ለዘመቻ ተብሎ ወደ ቆላ ወርዶ፣ ከዘመቻው መልስ ትምህርቱን መቀጠሉ ቀርቶ እዚያው መተማ የሳይንስ መምህር ሆኖ ቀረ። ጎጃሜ ነው፤ አነጋገሩ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ሣጥኑን ግን እንደ ታቦት ተሸክሞት መጣ። ምስጥ እንዳይደርስበት አራት ድንጋይ ላይ አስቀምጦት ነበር የሚኖረው።

ከተማው «ኮከብ ቆጣሪው» አለው። አህያ የጠፋባት ሴት ትመጣበታለች፤ ባሏ ሱዳን ገብቶ የቀረባት ትመጣበታለች። ሽኩር የሚባለው የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር ጭነቱን ይዞ ወደ ጎንደር ከመውጣቱ በፊት በመስኮቱ ብቅ ብሎ «መምህር፣ እስቲ መንገዴን እይልኝ» ይላል። «እኔ መንገድ አላይም» ሲለው «ታዲያ ምን ልታይ ነው የተደፋኸው?» ብሎ በሳቅ ይፈርሳል። ምን ዓይነት ኮከብ ቆጣሪ ነው የአንድ አህያ አቅጣጫ እንኳ የማያውቀው!

የሚያየው ይህን ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ሰማዩ ነጭ ነው፣ ብርሃኑ ጥቁር ነው፤ ፎቶው የታተመው እንዲያ ተገልብጦ ነው። ከጥቁሮቹ ነጥቦች ብዙዎቹ ኮከቦች አይደሉም። እያንዳንዳቸው ስፍር ቁጥር የሌላቸው ከዋክብት የሰፈሩባቸው ጋላክሲዎች ናቸው፤ ያረጋል «መንደር» ነው የሚላቸው። መንደሮቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብቻቸውን አይኖሩም፣ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ይሰባሰባሉ። ይህን ለሚስቱ ለለተሥላሴ የነገራት ቀን እጇን አፏ ላይ ጭና «ሰማይም ቀበሌ አለው? እንግዲህ ወዴት ልንሸሽ ነው?» አለችው። ያረጋል ሳቁን እንደያዘ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቀልድ ከቤት አይወጣም።

ለተሥላሴ የወገራ ልጅ ናት። ከደጋ ብርድ ወርዳ ቆላ የገባች፣ ቀልደኛ፣ ቁጡ፣ ሥራ የማትፈራ ሴት። ተጋብተው ብዙ ክረምት አለፈ፣ ልጅ ግን አልመጣም። ጸበሉን ጠጥታለች፣ ስለቱን ተስላለች፣ ያልረገጠችው ደብር የለም። ያረጋል ፊት ላይ «ግድ የለም» ይላታል፤ ውስጡን ግን ግድ ነበረው። ትምህርት ቤት የሰው ልጅ ሲያስተምር ውሎ ቤቱ ሲገባ ዝምታው ያመው ነበር። እሷም ታውቅበታለች፤ እሱም ማወቋን ያውቃል። ሁለቱም አያነሡትም።

ወረቀቱ ላይ አብረው ነበር የሚሠሩት። መንደሮቹን እየለዩ ነው። አንዳንዶቹ ክንዳቸውን ጠምዝዘው ዘርግተዋል፤ ክንዱ ላይ ጉብ ጉብ ያለው ነገር ኮከብ የሚወለድበት ቦታ ነው። ሌሎቹ ክንዳቸው ጠፍቶ፣ ገላቸው ልሙጥ ሆኖ፣ መሐላቸው አብጦ ይታያሉ፤ እነዚያ መውለድ አቁመዋል። በእርሳስ ምልክት ማድረግ አይቻልም፣ ወረቀቱ ይቧጨራል። ስለዚህ በቆላው ደንብ ሠሩት። የምትወልደው አጠገብ አንዲት ነጭ ሰሊጥ፣ ያቆመችው አጠገብ አንዲት ቀይ ማሽላ ይቀመጣል። አንዱ ወረቀት ሲያልቅ ጥሬውን ለይተው ይቆጥሩታል፣ ከዚያ ጠርገው ወደ ሌላው ይሄዳሉ። የዝንብ ኩስ ጋላክሲ መስሏቸው ማሽላ የቸሩበት ጊዜም ነበር፤ ያን ቀን የሳቁት ሳቅ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ጥሬውን የምታስቀምጠው ለተሥላሴ ናት፤ የእሱ እጅ ያልበዋል፣ ሰሊጧ ከጣቱ ጋር ተጣብቃ ትነሣለች።

«ይቺስ?» ትለዋለች።

«ሆዷ የተነፋው? አቁማለች። ማሽላ።»

«ወይ ጉድ! ሆዷ ገፍቶ አትወልድም?»

«እዚያ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፣ ለተ። የሚወልዱት ከሲታዎቹ ናቸው። ሆዱ የገፋ ሲገጥምሽ አብዛኛውን ጊዜ ያቆመ ነው። ይህን ከያዝሽ ብዙ አትሳሳቺም።»

«ማን አስቆማቸው?»

ያረጋል ማጉያውን ከዓይኑ አወለቀ። ስለዚህ ነገር ሲጠይቁት ልጅ ይሆናል። «የሥራችን ቁም ነገሩ እሱ ነው። ኮከብ ከጉም ነው የሚወለደው። ከመንደሯ ውጭ ያለ ጉም ቀስ እያለ እየገባ ይመግባታል። ከሌሎች መንደሮች መሐል ስትገባ ግን ያ ጉም ይቋረጥባታል። ታዲያ ወዲያው አትጠፋም። ያላትን እየበላች ብዙ ዘመን ታበራለች። ከሩቅ ያያት ሰው ምንም አልጎደላትም ይላል።»

«ጎረቤት ነው ያደረቃቸው በለኛ» አለች ለተሥላሴ። ውሃ ልትቀዳ በወጣች ቁጥር «ዛሬም ምንም የለ?» የሚሏትን ሴቶች እያሰበች ነበር። ያረጋል «ምነው ሌላ ምሳሌ መርጬ ቢሆን ኖሮ» እያለ ራሱን ረገመ።

እሷ ግን ቂም አታውቅም። በነጋታው ወረቀቱን ሲያይ አንዲት ሆዷ የተነፋ መንደር አጠገብ ሰሊጥ ተቀምጧል።

«ለተ! ይቺ ማሽላ ናት እኮ።»

«ተዋት፣ ትወልዳለች።»

«አቁማለች አልኩሽ።»

«ሄደህ አይተሃታል? ላም አለኝ በሰማይ!» አለችና ምላሷን አወጣችበት። በወረንጦ አንሥቶ ማሽላ አደረገባት። በሌላ ቀን ሰሊጧ ተመልሳ ተገኘች። እንዲህ እየተጫወቱ ያችን አንዲት መንደር ሲያነሡባት ሲያኖሩባት ከረሙ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ፤ አንተ ሁለቱንም ሆንክብኝ» ትለው ነበር።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ሰሊጡ በአንድ ጊዜ ደረሰ። ሰሊጥ ደግሞ እንግዳ አይጠብቅም፤ ካለፈበት ፈንድቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ከደጋ የሚወርደው ጉልበት ሠራተኛ በጦርነቱና በመንገዱ መዘጋት አነሰና ቀበሌው ከየቤቱ ሰው ይውጣ አለ። መምህር ትምህርት ሊጀምር ነው ተብሎ ቀረ፤ ለተሥላሴ ለሠራተኛው ወጥ ልትሠራ ሽንፋ ወደሚባለው የሰሊጥ እርሻ ወረደች። እዚያ ቤት የለም። ዋልካው አፈር ፀሐይ ሲያገኘው ክንድ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ሰው በዚያ ስንጥቅ ላይ፣ ግራር ሥር፣ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፎ ያድራል። ስንጥቁ ውስጥ የምትኖር ዓይን የማያያት ተናካሽ ትንኝ አለች። ማን ልብ ብሏት!

ኅዳር ላይ ተመለሰች። ጥቂት ቆይቶ ትኩሳት ጀመራት። ወባ ነው ተባለ፤ ቆላ ላይ ወባ ያልያዘው ማን አለ? ከዚያ የወር አበባዋ ቀረ። ለያረጋል ወዲያው አልነገረችውም፣ እሷ ራሷ ማመን ፈርታ ነበር። ሆዷ ሲጠነክር፣ ቀሚሷ ሲወጠር፣ ወደ እትዬ አሰበች ሄደች።

እትዬ አሰበች የሰፈሩ አዋላጅ ናቸው። የመተማን ግማሽ በእጃቸው ተቀብለዋል፤ ሲቆጡ ሹም አይፈሩም፣ ሲያለቅሱ ድንጋይ ያስለቅሳሉ። ለተሥላሴን አስተኝተው ሆዷን ዳሰሱ፤ ዳሰሱና እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ ግን በእጃቸው ያዙት።

«ልጅ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ወደ ግራ ያደላ፤ ሴት ናት። ልጄ፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ! ይህን ያህል ዓመት የተጠበቀ ነገር ዓይን ይበላዋል። ነጠላሽን አጣፊ፣ መቀነትሽን አላሊ፣ ሕክምና ቤት ብለሽ ሆድሽን ለሰው እንዳትገልጪ። የወባ ክኒን እንዳትቀምሺ፣ ያስወርድሻል።»

ያረጋል ሲነገረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ጓሮ ወጥቶ አለቀሰ። ስለ ልጅ ግድ የለኝም ሲል የኖረ ሰው በአንድ ቀን ጉድ ሆነ። አናጢ ጋ ሄዶ ትንሽዬ የገመድ አልጋ አሠራ፤ «ለማን ነው?» ቢለው «ለድመት» አለው። አናጢው መምህሩ ለይቶለታል ብሎ አወራ። ለተሥላሴ ይህን ስትሰማ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስናገር ልቤ ይቃጠላል። ምልክት አልጎደለም ነበር እኮ! ሆዷን ነጠላው መሸፈን ሲያቅተው ሰፈሩም አወቀ። ክንዷ ቀጠነ፣ የአንገቷ አጥንት ወጣ፤ «ጽንሱ እየመጠጣት ነው» ተባለ። ፊቷ ጠቆረ፤ «ማድያት ነው»። አፍንጫዋ ደም አፈሰሰ፤ «የቆላ ሙቀት ነው»። ትኩሳቱ ሄዶ ይመጣል፤ «እርጉዝ ይሞቃታል»። ለያንዳንዱ መልስ ነበረው፣ መልሱም ሁሉ ደስ የሚል ነበር። ሽንፋ የከረሙ ወንዶች ሆዳቸው ተነፍቶ፣ እግራቸው ሰልሎ እንደሚሞቱ መተማ ያውቃል። ግን ያ የጉልበት ሠራተኛ በሽታ ነው፤ ሜዳ የሚያድር የወንድ በሽታ። ወጥ ሠሪዋም እዚያው ሜዳ ላይ ማደሯን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ያረጋልስ? ያረጋል «ልጅቱ ሳትመጣ ልጨርሰው» ብሎ ወረቀቱ ላይ ተደፍቶ ነበር። ልጅ ቤት ውስጥ እየዳኸች ሰሊጥና ማሽላ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም ብሎ ነው። ለተሥላሴ አሁን እጇ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር ጥሬውን የሚያስቀምጠው ራሱ ሆነ። እሷ ከጎኑ የገመድ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ታየዋለች። አንዳንዴ «ዛሬ ረገጠችኝ» ትለዋለች። እሱም ማጉያውን ሳያወልቅ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ሆዷን ይዳስስና «ጎበዝ!» ይላል። በዚያች ማጉያ ሰው አይቶት የማያውቀውን መንደር አየ፤ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሚስቱ ስትከስም አላየም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ለዚህ ነው።

ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡ ወረደ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ደመናው ገለጥ ሲል ያረጋል ከሣጥኑ አንዱን የቆየ ወረቀት አወጣ። ያቺ የሚጣሉባት መንደር ያለችበት ነው። ሰሊጧ አጠገቧ ተቀምጣለች። መቼ እንዳኖረችበት አላወቀም፤ ያን ሁሉ ወር ሣጥኑ ውስጥ ኖራ በክረምቱ እርጥበት ከወረቀቱ ጋር ተጣብቃለች። ፈገግ አለ። ወረንጦውን አነሣና እንደ ድሮው ሊያበሽቃት ጮክ ብሎ፣

«ለተ፣ ይቺ እኮ አበጠች እንጂ አላረገዘችም!» አለ።

ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ቤቱ ውስጥ ቀረ። ዞሮ አያት፤ አንቀላፍታለች። ነጠላው ከላይዋ ወርዷል። ክንዷ እንጨት ሆኗል፣ እግሯ እንጨት ሆኗል፣ በዚያ ሁሉ መሐል ሆዷ ብቻ ተነፍቶ ወደ ግራ ጎኗ ተንጋድዷል። ክንዳቸው ጠፍቶ፣ መሐላቸው አብጦ። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ቅርጽ በየቀኑ እያየ «አቁሟል፣ አቁሟል» ሲል ኖሯል። ወረንጦውን ጥሎ ተነሣ።

ዝናቡን ሳይፈራ ሕክምና ቤት ድረስ ሮጠ። ዙፋን የምትባል ድሬሰር ነበረች፤ ረጋ ያለች፣ ጥቂት የምትናገር ሴት። ይዟት መጣ። እትዬ አሰበች ወሬው ደርሷቸው ኖሮ በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

«መምህር፣ ምን ነካዎት? የባዕድ ዓይን ሊያስገቡባት ነው?»

«እትዬ፣ እባክዎ ይለፉኝ» አላቸው፤ ድምፁ ሌላ ስለ ሆነባቸው አለፉለት።

ለተሥላሴ ለትኩሳቱ ነው ስትባል ሆዷን እያፈረች ገለጠች። ዙፋን እጇን አሙቃ ከግራ ጎድኗ ሥር ጀምራ ቀስ ብላ ወደ ታች ዳሰሰች። ጥፍሯን አየች፣ የዓይኗን ውስጥ አየች። «አይዞሽ» ብላት ነጠላውን መልሳ አለበሰቻትና ያረጋልን ወደ ጓሮ ጠራችው።

«ልጅ ከታች ወደ ላይ ነው የሚያድገው፣ መምህር። ይሄ ከጎድን ሥር ወደ ታች የወረደ ነው፤ ጠርዙ በእጄ ተይዟል። ጣፊያዋ ነው። ካላዛር ይባላል፤ ሽንፋ ላይ ወንዶቹን የጨረሰው ነው።»

«ልጅስ?»

«ልጅ የለም።»

«ሁለቱም ሊሆን አይችልም? ጣፊያውም፣ ልጁም?»

ዙፋን አንገቷን ነቀነቀች። «መርፌው እኛ ጋ የለም። ሱዳን፣ ገዳሪፍ አለ ይባላል፣ ግን ድንበሩን ወታደር ዘግቶታል። ጎንደር ያውጧት፤ ዛሬውኑ። ከሁለት ወር በፊት ቢጠሩኝ ኖሮ...» አለችና የቀረውን ዋጠችው።

ያረጋል እዚያው ጓሮ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ራሱን በቡጢ መታ። «ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አላት፤ ዙፋን ምን እንደሚል አልገባትም። ተነሥቶ ፊቱን ታጠበና ወደ ሚስቱ ገባ። ሊነግራት ነበር። እሷ ግን ቀድማ «ምን አለችህ? ደኅና ናት?» አለችው። የጠየቀችው ስለ ሆዷ ነው። በዚያ በከሰመ ፊት ላይ ዓይኗ ብቻ እንደ ድሮው ነበር። እሷን ለማዳን አፉን የከፈተ ሰው ይህን ዓይን አይቶ እንዴት እውነት ይናገር?

«ደኅና ናት። የመጀመሪያ ልጅ ስለ ሆነች ጎንደር ሐኪም ይያት ብላለች።»

«ታዲያ ምነው ፊትህ?»

«ሮጬ ነው።»

ሽኩር በዚያ ጭቃ የሚወጣ መኪና የለም እያለ ሲምል የነበረ ሰው ነው። ያረጋል መጥቶ ፊቱ ሲቆም ግን ምንም አልጠየቀም። የኤንትሬውን ጭነት አውርዶ ሸራውን ዘረጋ፣ ፍራሽ አነጠፈ፣ ጎማውን በሰንሰለት አሰረ። «ዛሬ መንገዱን እኔ አይልሃለሁ» አለው ብቻ። እትዬ አሰበች ለምጥ ቢሆን ብለው የጠቀለሉትን ጨርቅ አምጥተው እግሯ ሥር አስቀመጡ፤ ያረጋል አልከለከላቸውም።

እየሰጠሙ፣ እየቆፈሩ፣ እየገፉ ገንዳ ውሃ ወንዝ ደረሱ። ወንዙ ሞልቶ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ማዶ መኪና ቆሟል፣ ወዲህም ቆሟል፤ ሁሉም እስኪጎድል ይጠብቃል። ሽኩር በትር ይዞ ወንዙ ዳር እየተመላለሰ ጥልቀቱን ይለካል፤ በተመለሰ ቁጥር ያረጋልን ላለማየት ጎማውን ይረግጣል።

ሸራው ሥር ለተሥላሴ ከአፍንጫዋ የሚወርደው ደም አልቆም አለ። ያረጋል በእትዬ አሰበች ጨርቅ ይጠርግላታል። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ይፈታል።

«ያረጋል።»

«እመት።»

«ሴት ናት ብለውኛል እትዬ። በእናቴ ስም እንጥራት፤ ባፈና።»

«እሺ። ባፈና።»

«አትወደውም እንዴ ስሙን?»

«እወደዋለሁ። ባፈና ያረጋል። ያምራል።»

እጁን ስባ ሆዷ ላይ አኖረችው፤ ሆዷ ድንጋይ ሆኗል። «ዛሬ ዝም አለችኝ» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ አልረገጠችም። ጉሙ ተቋረጠባት እንዴ?»

«አልተቋረጠባትም፣ ለተ። ተኝታ ነው።»

«እንግዲያ አትቀስቅሳት» አለችና እሷም ዓይኗን ከደነች። ወንዙ ሳይጎድል ለተሥላሴ አለፈች። ሽኩር ከወንዙ ዳር ተመልሶ ሸራውን ገለጥ አደረገ፣ አየ፣ በትሩን ውሃው ውስጥ ወረወረው። መኪናውን አዞረው።

መተማ ዮሐንስ ቀበሯት። ዝናቡ ሲያባራ ድንኳን ተጣለ፤ ሴቱ በአንድ ወገን፣ ወንዱ በአንድ ወገን ተቀመጠ። ያረጋል ደረቅ ነበር። ሰዎች እየመጡ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ሲሉት «አሜን» ይላል፤ ዓይኑ አንድ ጠብታ አላወጣም። በውስጡ የሚዞረው አንድ ነገር ነው፤ ደንቡን ያውቅ ነበር፣ በአፉ ተናግሮታል፣ አስተምሯታል።

እትዬ አሰበች መሐል ገቡ። ሙሾ ሲያወርዱ ከተማው ትንፋሹን ይይዛል።

«አንቺ ምን ቸኩለሽ፣ እሷስ ምን ቸኮለች፣
ሳትታይ የመጣች ሳትታይ ተለየች።»

ሴቱ ሁሉ ደረቱን መታ። ለሁለት ነፍስ ነበር የሚለቀሰው። ከሴቶቹ መሐል ዙፋን ተቀምጣለች፤ እውነቱን የሚያውቁት እሷና ያረጋል ብቻ ናቸው። ቀና ብላ አየችው። ይናገር ይሆን? ይህ ሰው በጠቅላላ ሕይወቱ አንዲት ሰሊጥ ያለቦታዋ አኑሮ የማያውቅ፣ ሚስቱ ለጨዋታ ያኖረችበትን እንኳ በወረንጦ የሚያነሣ ሰው ነው። ቢናገር ደግሞ እትዬ አሰበች ያችን ቀን አያልፏትም፤ ለተሥላሴም በሰው ሁሉ አፍ ዳግመኛ መካን ሆና ትቀበራለች።

እትዬ አሰበች ሙሾውን አቋርጠው ወደ እሱ ዞሩ። ጉንጫቸው በእንባ ታጥቧል።

«መምህር፣ የሆዷንም በስሟ እንድናለቅስላት፣ ስም አውጥታላት ነበር?»

ያረጋል መሬት መሬት አየ። ዙፋን ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች።

«አዎ» አለ። «ባፈና ነው ያለቻት።»

«ባፈናዬን! ባፈናዬን!» ብለው እትዬ አሰበች ሲጮኹ ድንኳኑ ሙሉ አብሮ ጮኸ። ዙፋንም ጮኸች። ያን ጊዜ ያረጋል ተነሥቶ ቆመ፤ ደርቆ የነበረው እንባ መጣለት፣ ያልነበረችውን ልጁን በስሟ እየጠራ ከሁሉም በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ።